ከእድር ጥሩምባ በፊት፦ ኤች.አይ.ቪ. በክበባት ድራማ ሴራ ውስጥ

ሥነ ጽሑፍ ኅብረተሰብን ያስተምራል የሚለው አባባል በትምህርት ክፍላችን ሲደጋገም የኖረ ነው። ምን እንደሚያስተምር የሚወስነው ግን ጭብጡ ብቻ ሳይሆን ሴራውም ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ ዙሪያ፣ እንደዚሁም በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች፣ ፀረ ኤድስ ክበባት በትምህርት ቤትና በቀበሌ አዳራሽ ያቀርቧቸው የነበሩትን አጫጭር ድራማዎች ከዚህ አንጻር ይመለከታል።

የተለመደው ሴራ የታወቀ ነው። ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ቤት ይገባል፤ ከአንዲት ሴት ጋር ያድራል፤ ይመነምናል፤ በመጨረሻም የእድር ጥሩምባ ይነፋል። ጭብጡ «ተጠንቀቁ» የሚል ነውና በጎ ነው። ሴራው የሚናገረው ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው በመድረኩ ላይ ያለው ድርሻ መሞት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሴቲቱ የበሽታው ምንጭ እንጂ ታማሚ ሆና አትታይም፤ እሷን ማን እንዳስያዛት የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ የለም። ሰባተኛን ለሚያውቅ የመርካቶ ተመልካች ይህች ሴት ጎረቤት ናትና ግድፈቱ ቀላል አይደለም።

በእርግጥ ድራማዎቹ ሐሰት ተናገሩ ማለት አይቻልም። በሽታው በአገራችን ከታወቀበት ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ መድኃኒቱ በነፃ መታደል እስከ ጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ሞቱ እውነት ነበር። ይሁን እንጂ በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤች.አይ.ቪ./ኤድስ ፖሊሲ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች መብት እንዲጠበቅ ደንግጎ ነበር። በዚያው ዘመን የመቅድምና የተስፋ ጎህ ማኅበራት አባላት በአደባባይ ቆመው ስለ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በሕይወት ያለው ገጸ ባሕርይ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ደራሲዎቻችን የጻፉት ስለ አስከሬኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለቅጥር ከሚቀርበው የጤና ማስረጃ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን ሲያስቀር፣ ያ ሰው ሥራ ፈላጊ መሆኑን ሕጉ ከድራማው ቀድሞ ዐውቆ ነበር።

በ1990ዎቹ የገነነው «ማለባበስ ይቅር» የተሰኘው መዝሙርም ሁለት ፍች ይቀበላል። ማለባበሱ የኅብረተሰቡ ዝምታ ከሆነ ጥሪው ተገቢ ነው። የግለሰቡ ምስጢር ከሆነ ግን ሸክሙን የሚጭነው በታማሚው ላይ ነው፤ ሰው ስለ ጤናው የመናገርም ያለመናገርም መብት አለውና።

ስም መለወጥ ብቻውን አይበቃም። «አመንምን» እና «የኤድስ ሰለባ» ቀርተው «ከቫይረሱ ጋር የሚኖር» ብንልም፣ «ቆማጣ» የሚለው ቃል በ«ሥጋ ደዌ» ሲተካ እንዳየነው፣ ሴራው ካልተለወጠ አዲሱም ስም ስድብ ይሆናል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ዛሬ ተረጋግጧል። ይህ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፤ የሚጠብቀውም ሌላ ሴራ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ለቀብር የተቋቋሙ በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመን አባል በሕይወት ሳለ መርዳት ጀምረዋል። ተማሪዎቻችን የክበባቱን የእጅ ጽሑፎች ሳይጠፉ ሰብስበው ቢመረምሩ፣ እድሩ የደረሰበትን ማስተዋል ድራማው ስንት ዓመት ዘግይቶ እንደ ተከተለው፣ ወይም ጭራሽ እንዳልተከተለው፣ ማሳየት ይችላሉ።