የበዛብህ ባይተዋርነት፦ ናፍቆት በሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ሃያስያን አብዝተው የጻፉት ስለ ባላባታዊው ሥርዓት ትችቱ ነው። ንባቡ ተገቢ ነው፤ ልብ ወለዱ ከቤቱ ርቆ የሚኖር ወጣት ታሪክ መሆኑ ግን በዚያው ተሸፍኖ ቀርቷል። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ፍቅር ያገኘው ደግሞ በእንግድነት በገባባት በዲማ ጊዮርጊስ ነው። በእኔ ንባብ የድርሰቱ ናፍቆት የሚያዘነብለው ወደዚችው የእንግድነት አገር ነው።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል። የቆሎ ተማሪ ኑሮ የታወቀ ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ የተረፈውን ቁራሽ ድርቆሽ አድርጎ ለክፉ ቀን ያኖራል፤ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ያድራል። ከቤተሰቡ አጠገብ ቢማር እርሻውና ከብቱ ይጠሩታልና ርቀቱ ራሱ የትምህርቱ አካል ነበር። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቅኔ ሊቆጥር ብቻውን ጫካ ይገባል፤ ሰምና ወርቁን በልቡ ያበጅና ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል። ብቸኝነትን ወደ ቋንቋ መለወጥ የዕለት ልምምዱ ነው። ከጎጃም ቅኔ ቤቶች የወጣ ናፍቆት በቃላት ጥበብ መገለጡ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሐዲስ በጠላት ወረራ ዘመን ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ በጣልያንም ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነት ለንደን ድረስ ሠርተዋል፤ ልብ ወለዱም የታተመው ከዚያ ሹመት ማግሥት ነው። የዲማን የድግስ ሥርዓትና የሰዉን አነጋገር ያን ያህል አጥርተው ማሳየታቸው ደጋግመው ስለራቁት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ የናፍቆት ወግ ግን የተረፉት ወግ ነው። ረሃቡና ውሻው በሽምግልና ሲተረክ ይጣፍጣል፤ በበሽታ መንገድ ላይ የቀረው ተማሪ ትዝታውን አልተረከልንም። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበኝ ወጉ የወንድ ብቻ መሆኑ ነው። የበዛብህ ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ስትወጣ በመነኩሴ ልብስ መሸሸግ ነበረባት፤ ለሴት ልጅ የተፈቀደ የመንገደኛ መልክ አልነበረማ! ዛሬም ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ለቤት ሠራተኝነት ወደ አዲስ አበባና ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ወጣት ሴቶች አሉ። እነሱም ከቤት ርቀው ያድጋሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ያስታውሳሉ፤ ትዝታቸው ግን እንደ ቆሎ ተማሪው በድርሰታችን ቦታ አላገኘም።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለው። ተቋሙ የአረጋውያኑን የቆሎ ተማሪነት ትዝታ ሲሰበስብ ከስደት የተመለሱትን ሴቶች ቃልም አብሮ ይቅረጽልን።