የወጣትነት ድምፅ ዳግም ይቀረጻልን?

ማኖዋር የተባለው የኒውዮርክ ፓወር ሜታል ባንድ «ባትል ሂምስ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። በ2010 ያንኑ አልበም እንደገና ቀርጾ አወጣው። በ2014 ደግሞ «ኪንግስ ኦፍ ሜታል»ን ደገመ። ለምን? የስቱዲዮው መሣሪያ ተሻሽሏላ! እርግጥ ነው፣ ከበሮው ጠርቷል። ዳሩ ግን የድሮውን ያስወደደን የድምፅ ጥራት ሳይሆን ገና ስሙን ያልተከለ ባንድ ረሃብ ነበር። ረሃብ ደግሞ በመሣሪያ አይመለስም። ያኔ ጊታሩን የተጫወተው ሮስ ዘ ቦስም በአዲሱ ቅጂ የለም።

በእኔ እምነት አዲሱ ቅጂ የተሳካለት አንድ ቦታ ላይ ነው። «ዳርክ አቬንጀር» በተባለው ዘፈን ውስጥ በ1982 ትረካውን ያሰማው ታላቁ የፊልም ሰው ኦርሰን ዌልስ ነበር። እሱ በ1985 በማረፉ፣ በ2010 ቦታውን አዛውንቱ ተዋናይ ክሪስቶፈር ሊ ያዘ። ሊ ዌልስን ሊመስል አልሞከረም፤ በራሱ እርጅና ተናገረ። ባንዱ ግን ወጣትነቱን ሊመስል ሲሞክር ከገዛ ጥላው ጋር ሲታገል ይሰማል።

በሞተ ሰው ቦታ ሌላ ሰው ሊቆም ይችላል። በትናንቱ ማንነታችን ቦታ ግን እኛ ራሳችንም መቆም አንችልም። ካሴቱን በሻንጣው ይዞ የተሰደደ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቢንሻካሽክም የሚፈልገው ያንኑ ካሴት ነው።