ገመዱን ንቀለው

አንድ ስክሪፕት "እስቲ እይልኝ" ተብሎ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ኮዱን አላነብም። አስነሣውና መሃል ላይ ሲደርስ ገመዱን ንቀለው እላለሁ። ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ፍላሹን፣ ፍላሽ ከሌለ ኔትወርኩን። የጻፈው ልጅ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። "ጋሼ፣ ይበላሽብኛል እኮ!" ይላል። እኔም ማየት የምፈልገው እንዴት እንደሚበላሽ ነው።

ጋምቤላ ላይ መብራትና ኔትወርክ እንደ ዝናብ ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚጠጋባቸው ወራት ላፕቶፑ ራሱ ግሎ የሚዘጋበት ቀን አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ከየወረዳው የመጡ ሳምንታዊ ሪፖርቶችን የሚሰበስብ፣ የሚያጣራ፣ የሚደምርና የሚልክ ስክሪፕት ከተጻፈ መቋረጡ አይቀርም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ሰላም በሆነበት ሰዓት መሥራቱ ብዙ አይነግረኝም። ሲቋረጥ ምን ትቶ እንደሚሄድ ነው ሙያውን የሚያሳየኝ።

መጥፎው ስክሪፕት ግማሽ ፋይል ትቶ ይሞታል። የከፋው ነገር ያ ግማሽ ፋይል የሙሉውን ስም መያዙ ነው። በማግሥቱ ሌላ ሰው ቢሮ ይገባል፣ ፋይሉን ያያል፣ ሪፖርቱ አልቋል ብሎ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። ጥሩው ስክሪፕት ሲጽፍ በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፤ የመጨረሻው መስመር ከገባ በኋላ ብቻ ትክክለኛውን ስም ያወጣለታል። በአንድ ዲስክ ውስጥ ስም መቀየር ለኮምፒዩተሩ አንድ እርምጃ ነው፤ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ከላፕቶፕ ወደ ፍላሽ ማዛወር ግን በውስጡ መቅዳትና ማጥፋት ነው፣ መሃል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ጊዜያዊው ፋይል ከመጀመሪያውም ፍላሹ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ልዩነት አውቆ የጻፈ ሰው ሳገኝ ለቀሪው ሥራ ያለኝ እምነት ወዲያው ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ገመዱ ይሰካና ያው ትእዛዝ እንደገና ይሰጥ። ይህን ፈተና ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ቢሮ ውስጥ የወባ ሕሙማንን ቁጥር ከየጤና ጣቢያው ፋይል እያነሣ በአንድ መዝገብ ግርጌ የሚጨምር ስክሪፕት ጻፍሁ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው አስነሣሁት፤ እሱም ቀድሞ ያስገባቸውን እንደገና አስገባ። የአንድ ወረዳ ሕሙማን እጥፍ ሆኑ። ስህተቱን ያገኘችው ኮምፒዩተር ነክታ የማታውቅ ነርስ ናት፤ ስልክ ደውላ "ያን ያህል ሰው እኮ አልመረመርንም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አሥር ጊዜ ቢያስነሡት የአንድ ጊዜውን ውጤት የማይሰጥ ስክሪፕት ከእጄ አይወጣም። መንገዱም ቀላል ነው፤ ግርጌ ላይ ከመጨመር ይልቅ መዝገቡን በሙሉ ከምንጮቹ እንደ አዲስ ማውጣት፣ ወይም እያንዳንዱን ረድፍ በጤና ጣቢያውና በሳምንቱ ለይቶ ያለውን መተካት።

የዚህ ከተማ ታሪክ ራሱ በመጠበቅ የተሠራ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጋምቤላ ወደብ ሳለች ከሱዳን የሚነሡት መርከቦች እዚህ የሚደርሱት የባሮ ወንዝ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ነበር። ውኃው ሲጎድል ቡናው መጋዘን ገብቶ እስከሚቀጥለው ሙሌት ይቆያል። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥሩ ስክሪፕትም እንዲሁ ማድረግ አለበት፤ የሚላከውን "ተላኪ" ፎልደር ውስጥ ያኑር፣ መቀበያው ደረሰኝ ብሎ እስኪመልስ አያጥፋ፣ መንገድ ሲከፈት ከቆመበት ይቀጥል።

ገመዱ ተነቅሎም ተሰክቶም ከተረፈ በኋላ የማዳምጠው ዝምታውን ነው። በኮማንድ ላይን ዓለም እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲጨርስ ቁጥር ይመልሳል። 0 ከሆነ ደህና ነው፤ ሌላው ሁሉ አልሆነልኝም ማለት ነው። ባሽ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የምንገለገልበት ሼል፣ ካላዘዙት በቀር አልሆነልኝም የሚለውን ሰምቶ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። አንዱ መስመር "ፍላሹ ውስጥ ግባ" ቢል፣ ቀጣዩ "ያረጁትን ፋይሎች አጥፋ" ቢል፣ ፍላሹ ደግሞ ባይሰካ፣ የመጀመሪያው ይወድቃል፤ ሁለተኛው ባለበት ቆሞ የሚያገኘውን ያጠፋል። በፓይፕ የተቀጣጠሉ ትእዛዞች ላይም እንዲሁ ነው። ፋይሉን የሚያነበው ቢወድቅ፣ መስመር የሚቆጥረው ግን 0 መስመር ቆጥሮ በሰላም ቢጨርስ፣ ሼሉ የሚቀበለው የመጨረሻውን ቃል ነው። በሪፖርቱ ላይ "በዚህ ሳምንት ወባ የለም" ተብሎ ይነበባል። ለዚህ ነው ስክሪፕቱ አናት ላይ «ኤርኤግዚት»፣ «ኖአንሴት» እና «ፓይፕፌይል» የተባሉት፣ ውድቀትን ዝም ብለህ አትለፍ የሚሉት ሦስቱ ምርጫዎች መኖራቸውን የማየው። መኖራቸው ብቻ ግን አያጠግበኝም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የስቲም ጌም ማስጀመሪያ የሊኑክስ ስክሪፕት የሰዎችን ፋይል ማጥፋቱ ተገለጸ። ስክሪፕቱ የራሱን ፎልደር አድራሻ ፈልጎ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጥና በዚያ አድራሻ ሥር ያለውን ሁሉ እንዲያጠፋ የታዘዘ ነበር። አድራሻው ሳይገኝ ሲቀር ተለዋዋጩ ባዶ ሆነ፤ ትእዛዙም ከፋይል ሥርዓቱ ሥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጥፋ ወደሚል ተለወጠ። ያልተሰየመ ተለዋዋጭ ሲያገኝ የሚያስቆመው «ኖአንሴት» እዚህ አያድንም፤ ተለዋዋጩ ተሰይሟልና፣ ባዶ ሆኖ ነው እንጂ። ከማጥፋቱ በፊት ባዶ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነበረበት። ከዚያ መስመር በላይ ጸሐፊው "የሚያስፈራ" የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር። ይህ ቃል ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰውየው ፍርሃቱን አውቆታል፣ ጽፎታልም፤ አንድ መስመር ማጣሪያ መጨመር ብቻ ነበር የቀረው። አሁን የሰው ሥራ ስመለከት እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎችን እፈልጋለሁ። ጸሐፊው የፈራበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሥራው ያላለቀበት ቦታ ነው።

የኮድ ማከማቻው የጊትላብ ታሪክ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ የደከመ መሐንዲስ መጠባበቂያው ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ነበር። ባክአፕ ሲፈለግ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው አልነበረም። ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ የድሮ እትም፣ 9.2፣ ሆኖ ሰርቨሩ 9.6 ስለነበር በየጊዜው እየወደቀ ኖሯል። መውደቁን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም በተቀባዩ በኩል እየተመለሱ ማንም አላያቸውም። ያዳናቸው ጥፋቱ ከመድረሱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለዓለም አሳወቀ፤ ለዚህም ከልቤ አከብረዋለሁ። ከእነሱ የተማርሁት መለኪያ ይህ ነው፦ ስክሪፕቱ ሲወድቅ መናገሩ ብቻ አይበቃም፣ ሲሳካም ይናገር። "ዛሬ ተወስዷል፣ መጠኑ ይህን ያህል ነው" የሚል መልእክት በየቀኑ የሚደርሰው ሰው የቀረበትን ቀን ያውቃል። ባክአፕ ሆኖ ደግሞ ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ከሆነ አልቆጥረውም።

የስህተት መልእክት አጻጻፉ ራሱ ሙያ ነው። "ስህተት ተፈጥሯል" የሚል መስመር ለማንም አይረዳም። ባለፈው ሰሞን ያየሁት አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ከአቦቦ የመጣው ፋይል፣ መስመር 22፦ የወር ቁጥር 14 ተብሏል፤ ከ1 እስከ 13 መሆን ነበረበት። ፋይሉ "ያልተቀበልሁት" ፎልደር ውስጥ ነው።» ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለች ባለሙያ ይህን አንብባ ማንንም ሳትጠይቅ ታርመዋለች።

ከ1 እስከ 13 መባሉን ልብ ይሏል። እዚህ አገር ለሚሠራ ስክሪፕት ካሌንደር ትልቁ ፈተና ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል፤ ከጎኑ እኛ የምንጽፈው ስክሪፕት ግን ካላስተማርነው አያውቅም። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 ተነሥቶ በሚቀጥለው ወር 20 ያበቃል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ባለው ውስጥ ጳጉሜ ስለምትገባ 35 ቀን ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 36፤ በ2015 እንደነበረው፣ በ2019ም እንደሚሆነው። ሁሉን ወር በ30 የሚያካፍል ስክሪፕት የመስከረምን ወባ ከልክ በላይ ያሳያል። ክረምቱ ወጥቶ ወባ በእውነት የሚነሣበት ጊዜ ስለሆነም ስህተቱን ማንም አይጠረጥረውም፤ ቁጥሩ የሚጠበቀውን ስለሚመስል ያልፋል። ስለዚህ ስክሪፕት ስመዝን የነሐሴን፣ የጳጉሜንና የመስከረምን ፋይል በራሴ እጅ አዘጋጅቼ አስገባለሁ።

ሰዓትም አለ። አንድ ልጅ ሥራው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲነሣ ፈልጎ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሣው ክሮን ላይ 2 ብሎ ጻፈ። ለኮምፒዩተሩ ያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ጀነሬተር ጠፍቶ ሰው ሁሉ የተኛበት። ክሮን ደግሞ ያመለጠውን ሥራ መልሶ አይሠራም። ማሽኑ በየጊዜው በሚጠፋበት ቦታ ያመለጠውን የሚያካክሰውን አናክሮንን የመረጠ፣ ዊንዶውስ ከሆነም ያመለጠ ሥራ ማሽኑ ሲበራ ይነሣ የሚለውን ምልክት ያደረገ ሰው አካባቢውን አውቆ ሠርቷል።

ስለ ፊደል ባጭሩ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ ስምን በ10 ባይት የሚቆርጥ መሣሪያ ሦስት ፊደልና አንድ የተሰበረ ቁራጭ ይተዋል። «ቲአር» የተባለው የፊደል መለወጫ በሊኑክስ ላይ የሚያየው ባይት ነውና ሠን በሰ ለመተካት ቢጠቀሙበት ጽሑፉን ያበላሻል፤ «ሴድ» ይሻላል። ለማመሳከር ሲባል ሐ እና ሀን አንድ ማድረግ ተገቢ ነው፤ የሰውየውን ስም መዝገቡ ላይ መለወጥ ግን ተገቢ አይደለም። የሰው ስም የራሱ ነው።

ስም ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በዚህ ክልል ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወዲህ ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ንጉኝኤል የሚሉ የመጠለያ ጣቢያ ስሞች በየፋይሉ ይመጣሉ፣ በየጸሐፊው እጅም መልካቸው ይለያያል። ፑኚዶን ፒኝውዶ የሚል አለ። ጥሩ ስክሪፕት እነዚህን አጻጻፎች ከኮዱ ውጭ በተራ ሠንጠረዥ ይይዛል፤ ፕሮግራም የማያውቅ ሰውም ሊጨምርበት ይችላል። የማያውቀው ስም ሲገጥመው አይገምትም፣ ቆሞ ይጠይቃል። የሰዎች ስም ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ፊደል አይቶ "እነዚህ አንድ ሰው ናቸው" የሚል ስክሪፕት አይቻለሁ። የኑዌር ሴቶች ስም አብዛኛው በ"ኛ"፣ የወንዶቹም ብዙው በ"ጋት" ይጀምራል፤ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማጣሪያ እህትማማቾችን ከመዝገብ ይሰርዛል። በመዝገብ ላይ ያለ ረድፍ ራሽን ሊሆን ይችላል።

ስክሪፕት ብቻ ሳይሆን የሚጠግነውንም ሰው እመዝናለሁ። ደካማው ጠጋኝ ሁሉን ነቅሎ እንደ አዲስ ይጭናል፤ ሲሠራለትም ምን እንደነበረ አያውቅም። ጎበዙ "ትናንትና ዛሬ መካከል ምን ተለወጠ?" ብሎ ይጀምራል። ሥራውን ከመሃል ይከፍለዋል፤ እስከ እኩሌታው ድረስ ያለው ውጤት ትክክል ከሆነ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ የተጻፈ ስክሪፕት በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይዞ ሊኑክስ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል። "ሪፖርት ኢታንግ መስከረም" የሚል ክፍት ቦታ ያለው የፋይል ስም ጥቅስ ካልተደረገበት ሦስት ፋይል እንደሚመስል ያውቃል። ሼልቼክ የተባለውን የስክሪፕት መርማሪ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራለት ላፕቶፑ ላይ ጭኖታል። ሲጨርስም ያገኘውን በሎጉ አጠገብ በአማርኛ ጽፎ፣ ቀኑን አኑሮ ይሄዳል።

ከእነዚያ "ይበላሽብኛል እኮ" ካሉኝ ልጆች አንዱ ፍላሹን በገዛ እጁ ነቀለ። ስክሪፕቱ ቆመ። ፍላሹን መልሶ ሰካና ፎልደሩን ከፈትን፤ ሦስት ሙሉ ፋይልና አንድ ጊዜያዊ ስም የያዘ ፋይል ነበር። ያንኑ ትእዛዝ እንደገና ሰጠ። ማያው ላይ «3 ፋይል ቀድሞ ተጠናቋል፤ ከኢታንግ እቀጥላለሁ» የሚል መስመር ወጣ። ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁና አሁን ኮዱን ክፈትልኝ አልሁት።