ሴራና ሰዋስው በሞያሌ የእንግሊዝኛ ክፍል

በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ የምትገኘው ሞያሌ ከኢትዮጵያዊቷ ሞያሌ የምትለየው በድንበር ኬላ ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛን በምታስተምርበት መንገድም ነው። በሰሜኑ በኩል ያለው የኦሮሚያ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ እየተማረ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲወስድ ይቆይና 9ኛ ክፍል ላይ ማስተማሪያ ቋንቋው ይሆንበታል፤ የሚማርበት መጽሐፍም በዋናነት በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ክሂሎች ላይ የተዋቀረ ነው። በደቡቡ በኩል ያለው ተማሪ በአንጻሩ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ 8-4-4 በሚባለው የኬንያ የትምህርት ሥርዓት ሁለተኛ ደረጃ ላይም ቋንቋና ሥነጽሑፍ በአንድ ትምህርት ተጣምረው ይሰጣሉ። የዚህ ሥርዓት ማጠናቀቂያ ፈተናም በሦስት ወረቀቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንብቦ መረዳትን፣ የሥነጽሑፍ አድናቆትንና ሰዋስውን በአንድነት ይመዝናል፤ ሦስተኛው ደግሞ የፈጠራ ድርሰትንና ከተመረጡ መጻሕፍት የሚወጡ የትንተና ጥያቄዎችን ይይዛል።

ይህ የቋንቋና የሥነጽሑፍ ጥምረት በሐሳብ ደረጃ የሚደገፍ ቢሆንም ብያኔን ከመሸምደድ በራሱ አያድንም። ሴራ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት ሥርዓት፣ መቼት ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ ጭብጥ ከታሪኩ የሚወጣው ማዕከላዊ ሐሳብ፣ አንጻር ደግሞ ታሪኩ የሚተረክበት ዕይታ መሆኑን ደብተሩ ላይ ያሰፈረ ተማሪ፣ እነዚህ ነገሮች አንድ ገጽ ላይ ምን እንደሚሠሩ ላያይ ይችላል። ለፈተና ተመርጦ የነበረው የሄንሪ ኦሌ ኩሌት «ብሎሰምስ ኦፍ ዘ ሳቫና» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በልቦለዱ ውስጥ አባት ሥራውን በማጣቱ ቤተሰቡ ከናኩሩ ከተማ ወደ ናሲላ ሲዛወር፣ ታይዮና ረሲያን የተባሉት እህትማማቾች ከግርዛትና ካልፈቀዱት ጋብቻ ጋር ይፋጠጣሉ። እዚህ ላይ መቼት የታሪኩ ማስጌጫ ሳይሆን ግጭቱን የሚወልድ ኃይል ነው፤ «መቼቱ ናሲላ ነው» ብሎ የመለሰ ተማሪ ስሙን አወቀ እንጂ ሥራውን አላወቀም።

ሰዋስውም የሚፈለገው እዚሁ ላይ ነው። ምልሰት፣ ማለትም ትረካው ወደ ቀደመ ድርጊት የሚመለስበት ስልት፣ በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ የሚታወጀው በሩቅ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ይህን የግሥ ቅርጽ በባዶ ቦታ ሙላ ልምምድ ብቻ የሚያውቀው አንባቢ ቀድሞ የሆነውን በኋላ እንደተፈጸመ አድርጎ ስለሚወስድ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለቱ ይበጠስበታል። የአንጻርም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኢ-ቀጥተኛ ንግግርን በሚገባ ያልለየ ተማሪ የገጸ ባሕርይዋን አስተያየት የደራሲው አድርጎ ይጽፋል። መምህሩ ግን ይህን «ጭብጡ አልገባውም» ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ የጠፋው ግን የግሡ ጊዜ ወይም የተናጋሪው ማንነት ነው።

የትረካ ዕውቀቱ ራሱ ለሞያሌ ልጅ እንግዳ አይደለም። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የቦረና፣ የገብራ፣ የቡርጂና የሶማሌ ቤተሰቦች ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ አላቸው፤ ተረት ሲሰማ ያደገ ልጅ ማን ከማን እንደተጋጨና ነገሩ በምን እንደተፈታ ስያሜውን ሳይማር ይለያል። ይህ ዕውቀት በትምህርት ውስጥ ቦታ ይኑረው የሚለው ጥያቄም አዲስ አይደለም፤ መምህራኑ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦዎር-አኙምባና ታባን ሎ ሊዮንግ እ.ኤ.አ. በ1968 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ የትምህርት ክፍሉ እንዲቀር ሲጠይቁ፣ የአፍሪካ ሥነጽሑፍ፣ ቃላዊውም ጭምር፣ የጥናቱ እምብርት እንዲሆን ነበር የተሟገቱት። ቃላዊ ሥነጽሑፍ ዛሬ በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ ቢኖረውም፣ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ልጁ የሚያውቀውን ታሪክ በሚገባ ባልያዘው ቋንቋ እንዲተነትን ይገደዳል።

ስለዚህ መምህሩ በቅድሚያ ሊለየው የሚገባው ተማሪው ያቃተው ትረካውን መረዳት ነው ወይስ የተረዳውን በእንግሊዝኛ መግለጽ የሚለውን ነው። አንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ወይም በስዋሂሊ እንዲያወሩት፣ ቀጥሎ ያንኑ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉት ማድረግ ልዩነቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ያሳያል፤ ተጨማሪ መጽሐፍም አይጠይቅም። በክፍል ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዳይነገር የሚከለክል መምህር ይህን የመለያ መንገድ በገዛ እጁ ይዘጋል።