የናፍጣ ፊልትሮ ለውጥና የመልካም ሥራ መለኪያዎቹ

የናፍጣ ፊልትሮን በቤት መለወጥ ጥቂት መሣሪያ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ብዙ ባለመኪኖች ሞተሩ እንደተነሣ ሥራው ተሳክቷል ብለው ይደመድማሉ፤ ነገር ግን በግዴለሽነት የተሠራውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ያስነሣል። ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው የሚለዩት ምልክቶች ሌላ ቦታ የሚገኙ ሲሆኑ፣ እነሱን ለመረዳት በቅድሚያ የፊልትሮውን ተግባር ማወቅ ያስፈልጋል።

እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ የተገጠመው ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከታንኩ የሚስበው ፖምፓ ከፊልትሮው በኋላ የሚገኝ ሲሆን፣ የውስጥ አካሉ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ሳይሆን በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ስለዚህ አቧራ ፖምፓውን ይፍቃል፣ ውኃም ልስላሴውን አሳጥቶ ያዝገዋል፤ ፊልትሮው ሁለቱንም ያግዳል፣ ከናፍጣ የሚከብደው ውኃም ከሥሩ ይጠራቀማል።

የመጀመሪያው መለኪያ ንጽሕና ነው። ጠንቃቃ ሠሪ አሮጌውን ፊልትሮ ከመፍታቱ በፊት ዙሪያውን ይጠርጋል፤ ከፈታ በኋላም አሮጌው የጎማ ቀለበት ከላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በእጁ ዳስሶ ያረጋግጣል፤ ምክንያቱም በሁለት ቀለበት የታሰረ ፊልትሮ በደንብ አይገጥምም። አዲሱን ቀለበት በንጹሕ ናፍጣ ያርሳል፣ ከሥር ያለውን የውኃ ጠቋሚ በአዲስ ቀለበት ወደ አዲሱ ፊልትሮ ያዛውራል፣ ቀለበቱ ከነካ በኋላም በፊልትሮው ላይ የተጻፈውን የዙር መጠን ጠብቆ በእጁ ብቻ ያጠብቃል። በመፍቻ የጠበቀ ፊልትሮ ጎማውን ስለሚጨፈልቅ የጥንካሬ ምልክት ሳይሆን የጥድፊያ ምልክት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ አሞላሉ ነው። ናፍጣ ወደ ፊልትሮው የሚገባው በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ ተጣርቶ የሚወጣው በመካከለኛው ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ስለሆነም ናፍጣን በመካከለኛው ቀዳዳ የሚያፈስ ሰው ያልተጣራውን በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይልካል። የተሻለው ዘዴ ባዶውን ገጥሞ ከላዩ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ በመጫን አየሩን ማስወጣት ነው። ግፊታቸው ከ2000 ባር ሊበልጥ በሚችል ኮመን ሬይል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን አየር ለማስወጣት ተብሎ ሞተሩ እየሠራ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቱቦዎች ማላላት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ እንዲህ ያለ ጉዳትም ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው መለኪያ የሚታየው በማግስቱ ጠዋት ነው። የዋን ኤች ዜድ ፊልትሮ የሚገኘው ፖምፓው በሚስብበት መስመር ላይ በመሆኑ፣ በደንብ ያልገጠመ ቀለበት ናፍጣ ወደ ውጭ ከማንጠባጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ደረቅ መሬት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነውም ለዚህ ነው። በዚያች ክፍተት የገባው አየር ሌሊቱን ናፍጣውን ወደ ታንኩ ስለሚመልሰው፣ ማታ ያለ ችግር የተነሣው ሞተር ጠዋት በማስነሻው ብዙ ካልተሽከረከረ አይነሣም። ስለዚህ ሥራው አልቋል ሊባል የሚገባው መኪናው አድሮ በመጀመሪያው ቁልፍ ሲነሣ ነው።

የሠሪው ዕውቀት ደግሞ በአሮጌው ፊልትሮ አያያዝ ይታያል። አዋቂ ሰው በውስጡ የቀረውን ናፍጣ በብርጭቆ ቀድቶ ያስቀምጠዋል፤ ከሥር የሚለየው ውኃ፣ ዝገትና በውኃና በናፍጣ መገናኛ ላይ ከሚራቡ ተሕዋስያን የሚመጣው ጥቁር ዝልግልግ ነገር፣ ታንኩ መታጠብ እንዳለበት ይነግሩታል። በተለይ ከበርሜልና ከጀሪካን በሚቀዳበት ገጠር ይህ ምርመራ ሊዘለል አይገባም። የተቀዳውም ናፍጣ አፈርንና ውኃን ስለሚበክል ወደ ቦይ አይደፋም።

ስለዚህ ፊልትሮ የሚለውጥ ባለመኪናም ሆነ በሌላ ሰው የሚያሠራ፣ ሥራውን በፍጥነቱ ሳይሆን በእነዚህ መለኪያዎች ይመዝን፤ ፖምፓን ማሠራት የፊልትሮን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላልና።