በትምህርት ድረ ገጾች ፍጥነት ላይ የቀረበ ሂስ

የትምህርት ድረ ገጾች የአገልጋይ ፕሮግራም እንደ ጎ ወይም ረስት ባለ፣ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀየር ቋንቋ ቢጻፍ መዘግየታቸው ይወገዳል የሚለው አስተያየት ግማሽ እውነት ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን መንገድ ቢቆርጡ፣ የወረታ ሩዝ መፈልፈያ ፍጥነት ለገበያው አይተርፍም። ወረታ ላይ በእጅ ስልኩ የሚማረውን ተማሪም ጊዜና ገንዘብ የሚያስወጣው የሚወርደው ጭነት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ የላቲኑ 1 ባይት ይይዛል፤ ይህ ግን ጽሑፉ ሲጨመቅ በእጅጉ ይቃለላል። ከባዱ ሥዕሉና ፎንቱ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ይመጠን፤ ፎንቱ ለአማርኛ በሚያስፈልጉት ፊደላት ይወሰን፤ እስኪወርድም ንባቡ በስልኩ ባለው ፊደል ይታይ። አዘጋጆች ሥራቸውን በመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒዩተር ሳይሆን በተማሪው ስልክ ሊመዝኑ ይገባል።