ደጓሹ ማን ነበር? ከደረስጌ ማርያም የሚነሣ የቆዳ ጥበብ ጥያቄ

በጃናሞራ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም ስትነሣ ሁለት ስሞች አብረው ይነሣሉ፤ ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምና በየካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው የነገሡባት ዐፄ ቴዎድሮስ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥና ያሰናዷት ደብር ድል ለነሣቸው ሰው መንገሻ ሆነች። ይህን ብዙዎች ጽፈውታል። እንዲህ ባሉ ደብሮች ዕቃ ቤት የተቀመጠውን የቆዳ ሥራ ማን እንደ ሠራው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የብራና መጽሐፍ ልብስ እንዴት እንደሚሰናዳ እንመልከት። ብራናው አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ሌጦ ነው፤ ተነክሮና ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይዳመጣል። ጥራዞቹ ተሰፍተው ከሁለት የእንጨት ገበታ ጋር ይያያዛሉ። ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ገበታው ራቁቱን ይቀራል። ባለጠጋ ያጻፈው ግን ባሕር አረብ የሚባል ቀይ ቆዳ ይለብሳል። የመጽሐፉን ቆዳ የሚያስጌጠው ደጓሽ ብረት በእሳት አግሎ ቆዳው ላይ ይጫናል፤ ቀለም ሳይነካ፣ በግለትና በክንዱ ኃይል ብቻ፣ መሐሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ሐረግ ያወጣል፤ ይህ ጌጥ ድጉስ ይባላል። ብረቱ ከልክ በላይ ከጋለ ቆዳው ያርራል፤ ከበረደ ምልክቱ አይዘልቅም፤ የሳተ መስመር ደግሞ አይመለስም። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የገበታው ውስጠኛ ገጽ ነው። ቆዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ መሐል ላይ በሚተወው ክፍተት ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ወይም ባለ አበባ ጨርቅ ይለጠፍበታል። መጽሐፉ ተከድኖ ሳለ ማንም አያየውም፤ ገልጦ ለሚያነብ ካህን የተሰናዳ ጌጥ ነው። በመጨረሻ መጽሐፉ ማንገቻ ያለው ማኅደር ውስጥ ይገባል።

በዓለም የታወቀው የፓሪሱ የቆዳ ሥራ ቤት ኤርሜስ በ1837 እ.ኤ.አ. የፈረስ ዕቃ ሠሪ ሆኖ ሲነሣ ውቤ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ ነበር። ኮርቻና ልጓም የሚያሳምር እጅ በእኛም አገር ነበር። የኤርሜስ ቤት ግን ስሙን ዕቃው ላይ አተመ። በእኛ መጻሕፍት መጨረሻ ጸሐፊውና ያጻፈው ሰው በስም ተጠርተው ጸሎት ይለመንላቸዋል፤ የደጓሹ ስም የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ምክንያቱ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ። ትሕትና ቢሆን ኖሮ ጸሐፊውም ስሙን በደበቀ ነበር። እኔ መልሱን ከቆዳው ራሱ እፈልጋለሁ። ድጉሱን የሚሠራው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆን ቆዳውን ያለፋው ግን ጎረቤቱ «ፋቂ» እያለ የሚሰድበው ባለሙያ ነው። ከተናቀ እጅ የወጣ ነገር በመቅደስ ሲከብር የእጁ ባለቤት ተረሳ፤ ንቀቱም ዕቃውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ደጓሹንም የሸፈነው ይመስለኛል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ውጤቱ ዛሬም ይታያል። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በአገራቸው ስም ይታወቃሉ፤ የታወቀው ግን ጥሬው ነው። መንግሥት ያልተጠናቀቀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ 150 በመቶ ቀረጥ የጣለው እሴቱ እዚሁ እንዲቀር ብሎ ነው። ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም የጥበቡን ባለቤት የማያውቅ አገር በምን ስም ይሸጣል? ጥበቡን መዘንጋታችን በተዘረፉት መጻሕፍትም ይታያል፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ ከመቅደላ ተጭነው ለንደን ከገቡት 350 ያህል መጻሕፍት ጋር ድጉሱም አብሮ ሄዷል፤ የምንናገረው ግን ስለ ጽሑፉና ስለ ሥዕሉ ነው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደብሮች ቅርስ የምትመዘግቡ ባለሙያዎች ሆይ፤ የመጽሐፉን ርእስና ዘመን ስትጽፉ የድጉሱን ሐረግና የማኅደሩንም አሠራር ጻፉ። ደጓሹን የሚያስታውስ አረጋዊ ካህን ካለ ስሙን ጠይቁና አስፍሩት።